ኅዳር ላይ የቆመው ዲስክ

ጆሮ ስጡኝማ። የምነግራችሁ የሁለት ዲስኮች ታሪክ ነው። አንድ ሰርቨር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላውም ላይ እንዲጻፍ የተጣመሩ ሁለት ዲስኮች ናቸው። ቦታው አዲስ አበባ፣ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሮ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ወሩ ሚያዝያ፣ ዕለቱ ሰኞ። እሑድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ዩፒኤሱ የቻለውን ያህል ይዞ ለቀቀ፤ ጀነሬተር የሚያስነሳ ሰው በእሑድ ሌሊት ቢሮ አያድርም። ንጋት ላይ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ ሊነሳ ሞከረና ጥቁር ስክሪን ላይ ቀረ። የሚነሳበት ዲስክ አላገኘም።

የማኅበሩ ኮምፒውተሮች በአንዲት ወጣት ባለሙያ እጅ ናቸው። ሰርቨሩ ሲተከል አልነበረችም፤ ከሌላ ሰው ነው የተረከበችው። ግን ሁለት ዲስክ እንዳለው፣ ሊኑክስም በሶፍትዌር ሬይድ እንዳጣመራቸው ታውቃለች። ሒሳብ ሹሟ በሩ ላይ ቆመው «ምነው ልጄ፣ አባላቱ እኮ እየተሰበሰቡ ነው» ቢሏት፣ «አይዞዎት እትዬ፣ ሁለት ዲስክ ነው ያለው። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህ «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» የሚለው መተማመን ዛሬ የተወለደ አይደለም። ታንደም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለባንኮች የማይቆሙ ማሽኖች ሲሠራ ዲስኮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጥናት አወጡ፦ አንዱን ትልቅና ውድ ዲስክ ትተን ትንንሾቹንና ርካሾቹን ብንሰበስብ ይሻለናል፤ ሲበላሹም እንዳይጎዱን በተለያየ ደረጃ እናደራጃቸው አሉ፤ ሬይድ የሚባለው ይህ ነው። ደረጃ 1 ያሉት ይህን ጥንዱን፣ ሚረሩን ነው። ሊኑክስ የማጣመሩን ሥራ የሥርዓቱ እምብርት ለሆነው ለከርነሉ ሰጠው። አውስትራሊያዊው ኒል ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤምዲአድም የተባለውን ማዘዣ ጻፈ፤ ዛሬም የሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ በአብዛኛው የሚታዘዘው በእሱ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ጥንዱ ጥንድ የሚሆነው ከርነሉ ከተነሳ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማሽኑ ስለ ሚረር የሚያውቀው ነገር የለም። የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ተነስቶ አንዱን ዲስክ ይመርጥና የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ያነባል። ከእነዚህ ውስጥ ለማስነሻው ኮድ የተመደበው ቦታ 446 ባይት ብቻ ነው። ያ ኮድ ግራብ የሚባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ቀጣይ ክፍል ይጠራል፤ ግራብ ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን ትንሽ የማስነሻ ጥቅል ይጭናል፤ በዚያ ጥቅል ውስጥ ያለው ኤምዲአድም ነው ዲስኮቹን ፈልጎ የሚያጣምረው። ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዘው በአንድ ዲስክ ነው። ሚረሩ የተሠራው ደግሞ፣ እንደ አብዛኛው ጊዜ፣ ከዲስኩ ክፋዮች፣ ከፓርቲሽኖች ነበር። ከፓርቲሽኖቹ ውጭ ያለው የመጀመሪያው ሴክተርና ግራብ የሚያርፍበት ክፍተት ሚረሩ ውስጥ አይገባም። አባላቱ ላስቀመጡት ገንዘብ የተያዘው መዝገብ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይጻፋል፤ ማሽኑን የሚያስነሳው ግን ሰርቨሩ ሲተከል በአንደኛው ላይ ብቻ ተጽፎ ቀርቷል። ይህን ነገር ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም የሚታወቀው የመጀመሪያው ዲስክ የጠፋ ዕለት ነው።

ልጅቷ ባዮስ ውስጥ ገብታ ስታይ የሚታየው አንድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው። አንደኛው የለም። ሰርቨሩ ያልተነሳበት ምክንያት ገባት። ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክታ በእሱ አስነሳችው፤ ሁለተኛውን ዲስክ ለብቻው፣ ለንባብ ብቻ አድርጋ፣ በኤምዲአድም አስጀመረች። የጥንዱን ሁኔታ የሚያሳየው የኤምዲስታት ፋይል «ከሁለት አንድ» አላት፤ የጠበቀችውም ይህንኑ ነበር። ወደ ዲስኩ ሥርዓት ገብታ ግራብን በሁለተኛው ዲስክ ላይ ጫነች፣ ፍላሹን ነቀለች፣ አስነሳችው።

ግራብ መጣ። ከርነሉ መጣ። ከዚያ ቆመ። ሥርዓቱ ያለበትን የሩት ዲስክ ጠብቄ አጣሁ የሚል መልእክት ወጣና ልጅቷን በኢኒትራምኤፍኤስ መጻፊያ መስመር ላይ ተዋት። እዚህ የደረሰ ሰው ሁሉ ልቡ ይወድቃል፤ መውደቅ ግን የለበትም። ይህ መስመር ማሽኑ ተበላሸ ማለቱ አይደለም፤ ከርነሉ ተነስቷል፣ የጎደለው ጥንዱ ብቻ ነው። ልጅቷ ኤምዲስታትን አየች። ጥንዱ አለ፤ ግን «አልነቃም» ይላል፣ ያለውንም አንድ ዲስክ ትርፍ ብሎ መድቦታል። አጋሩን እየጠበቀ ነው። ኤምዲአድምን «ያለውን ይዘህ ሂድ» ብላ በአንድ ትእዛዝ አስጀመረችውና ከመስመሩ ወጣች። ሰርቨሩ ተነሳ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። ገንዘብ ተቀባዮቹ መስኮታቸውን ከፈቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው ተስተናገደ። ቀጥሎ የመጡት አዛውንት ደብተራቸውንና ስክሪኑን እያስተያዩ «እንዴ ልጄ፣ በጥር ያስገባሁት የት ገባ? በየካቲትስ?» አሉ። ተቀባይዋ ፈለገች። የለም። የሚቀጥለውም ሰው እንደዚያው። ሒሳብ ሹሟ መጥተው የአጠቃላይ መዝገቡን ከፈቱ። የመጨረሻው ገጽ ኅዳር ነው። ከኅዳር ወዲህ ለማኅበሩ አንድ ብር እንኳ አልገባም፣ አንድ ብር አልወጣም ይላል ሰርቨሩ።

ልጅቷ በዚያች ደቂቃ ያደረገችውን አደንቃለሁ። ምንም ሳትነካ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ነቀለች። ከዚያ ወደ መምህሯ ደወለች። ሰውየው ሰርቨር ሲያስነሱ የኖሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ተነሳ፤ ግን አምስት ወሩን ረስቶታል።»

«ስንት ዲስክ ነው የሚታይሽ?»

«አንድ። ሁለተኛው።»

«አንደኛውስ?»

«ከባዮስም ጠፍቷል። ኬሱን ልክፈትና ገመዱን ላስተካክል ነው የማስበው።»

«አስተካክይው። ግን ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ እንዳታስነሺ። ሰማሽኝ የኔ ልጅ? አሁኑኑ አጥፊው።»

አጠፋችው። ያልገባው ሰው ካለ የሆነውን ላስረዳ። አንድ እድር ሁለት ጸሐፊ አለው እንበል፤ ሁለቱም ያንኑ መዝገብ ይጽፋሉ። አንደኛው በኅዳር ታሞ ቀረ፤ የቀረው ብቻውን እስከ ሚያዝያ ጻፈ። አንድ ጠዋት የጻፈው ሰው ሳይመጣ ቀረና የታመመው ድኖ መጣ፤ መዝገቡን ከፍቶ ካቆመበት ከኅዳር ቀጠለ። ውሸት አልጻፈም። የጎደለውን የነገረው ሰው ግን የለም።

በዲስኩም የሆነው ይኸው ነው። እያንዳንዱ የጥንዱ አባል ሱፐርብሎክ የሚባል የራሱ ማስታወሻ አለው። የጥንዱ መለያ፣ የመጨረሻ የተጻፈበት ሰዓት፣ የክንውን ቁጥርና የአጋሩ ሁኔታ እዚያ ላይ ይሰፍራሉ። በኅዳር ሁለተኛው ዲስክ ሲወጣ፣ «ጓደኛዬ ወድቋል» ብሎ የጻፈው አንደኛው ነው። በወጣው ዲስክ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ከርነሉ በወጣ ዲስክ ላይ አይጽፍምና። ስለዚህ የሁለተኛው ማስታወሻ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሁለታችንም ደህና ነን ይላል። ለብቻው ሲነሳ ጎደለ ያለው አጋሩን እንጂ ራሱን አይደለም። በዛሬዎቹ ሊኑክሶች ብዙዎቹ ላይ ለዚህ የተመደበው ትዕግሥት 30 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ጥንዱ በአንድ እግሩ ይሄዳል። ይህ ሰርቨር ግን በእጅ መገፋት ነበረበት። ቀድሞ ኡቡንቱ ጥንዱ ሲጎድል ልነሳ ወይስ አልነሳ ብሎ ሰውን የሚጠይቅበት ዘመን ነበር፤ ብዙ ሰው ተማርሮበታል። እኔ ግን ያ ጥያቄ ደግ ጥያቄ ነበር እላለሁ። አሮጌ መዝገብ ይዞ ከሚነሳ ሰርቨር የማይነሳው ይሻላል፤ የማይነሳው ቢያንስ ማንንም አያሳስትም።

ሁለተኛው ዲስክ ሰኞ ጠዋት ሲነሳ ግን ማስታወሻው ላይ «አጋሬ ወድቋል» ብሎ ጻፈ። አሁን እያንዳንዱ ሌላውን ወድቋል ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሰኩ ኤምዲአድም የክንውን ቁጥሩን ያስተያያል፤ ቁጥሩ የበዛውን ይይዛል፣ የያዘውን የሚከሰውንም ወደ ጎን ይተዋል። ምናልባትም ሁሉም በደህና ያልፍ ነበር። መምህሩ ግን በሰው ገንዘብ ላይ «ምናልባት» አይሉም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ አንድ ሰው ቸኩሎ «አስገድደህ አጣምር» ቢል፣ ከኅዳር የመጣው በአምስቱ ወር ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ያ ከሆነ መመለሻ የለውም።

ኬሱ ተከፈተ። ሁለተኛው ዲስክ ተነቅሎ «የኅዳር» የሚል ወረቀት ተለጠፈበትና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የአንደኛው በሽታ ከዲስኩ አልነበረም። መብራት የሚያደርስለት የፓወር ማያያዣ አንድ ጫፉ ጠቁሮ ላልቷል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። ከፓወር ሰፕላዩ ሌላ ገመድ ተሰጠው። ባዮሱ አየው።

«አሁን ላስነሳው ጋሼ?»

«አይሆንም። በፍላሹ ተነሺ፣ ዲስኩን መጀመሪያ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጪው። ምንም ሳታስተካክይ፣ እንዳለ።»

ዲስኩ 2 ቴራባይት ነው። በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢነበብ እንኳ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሒሳብ ሹሟ አባላቱን በወረቀት ደረሰኝ እንዲያስተናግዱ አዘዙና ቀኑ እንዲያ ዋለ። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሰዓት ይመስለኛል፤ እጅ ሥራ አጥቶ ሰው በየደቂቃው «አለቀ?» እያለ ሲጠይቅ፣ አሳጥሮ ለመሄድ አለመቸኮል።

ቅጂው አለቀ። ቀጥሎ ልጅቷ የሁለቱን ማስታወሻ በየተራ መረመረች፣ አንዱን ነቅላ ሌላውን እየሰካች። መምህሩ ስልኩ ላይ ናቸው።

«የመጨረሻ የተጻፈበት ሰዓት ምን ይላል?»

«አንደኛው እሑድ ሌሊት ይላል። ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት።»

«አየሽ? ሰዓቱን ብቻ ብታምኚ አዲሱ የኅዳሩ ዲስክ ነው ትያለሽ። ዛሬ ጠዋት ተነስቶ ስለሠራ ነው። የክንውን ቁጥሩን ንገሪኝ።»

የአንደኛው በብዙ ይበልጣል። አምስት ወር የሠራ ነውና።

«ደህና። እሱንም ቢሆን ብቻውን አትመኚ። ውስጡን እይ።»

አንደኛውን ዲስክ ለንባብ ብቻ አድርጋ አስጀመረችው። የፋይል ሥርዓቱንም ለንባብ ብቻ ከፈተች፤ ኤክስት4 የሚባለው ይህ ሥርዓት ግን ለንባብ ብቻ ቢባልም ጆርናሉን መልሶ ሊያስፈጽምና ሊጽፍ ስለሚችል፣ ያንን የሚከለክለውን ምርጫ ጨመረችበት። የመረጃ ቋቱን የመጨረሻ ገጾች ስታይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የገባው ገንዘብ አለ። የአዛውንቱ ጥር አለ፣ የካቲት አለ። ሒሳብ ሹሟ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ተመስገን» አሉ።

የኅዳሩን ዲስክ ግን ወዲያው አላጠፉትም። ጠዋት የተስተናገዱት ጥቂት ሰዎች ገንዘብ የተመዘገበው በእሱ ላይ ብቻ ነው። ልጅቷ ዲስኩን ለንባብ ከፍታ የዚያን ጠዋት ምዝገባ አወጣች። ከዚያ በኋላ ነው ሱፐርብሎኩን ያጠፋችው።

ለምን አጠፋችው? ኤምዲአድም የወጣን ዲስክ መልሶ ለማስገባት አጭር መንገድ አለው። ጥንዱ ቢትማፕ ካለው፣ አጋር በሌለበት የተቀየረው የትኛው ቦታ እንደሆነ መዝግቦ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲመለስ የሚገለበጠው ያ ብቻ ነው። ገመዱ ላልቶ ለአንድ ሰዓት ለወጣ ዲስክ ይህ ድንቅ ነው። ለዚህኛው ግን መርዝ ነበር። የኅዳሩ ዲስክ ሰኞ ጠዋት ለብቻው ጽፏል፤ እሱ የት የት እንደጻፈ የአንደኛው ቢትማፕ አያውቅም። በአጭሩ መንገድ ቢገባ የማይመሳሰሉ ቦታዎች ተደብቀው ይቀራሉ። ሁለት ዲስክ ብቻ ባለው ጥንድ ላይ ደግሞ ከርነሉ ልዩነት ቢያገኝ እንኳ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ማስታወሻው ጠፍቶ፣ እንደ አዲስ ዲስክ ገብቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲገለበጥበት ተደረገ። ሲገባም የተጠራው ሊኑክስ በሚሰጠው የኤስዲኤ ወይም የኤስዲቢ ስም ብቻ አልነበረም። እነዚህ ፊደላት ከአንድ ቡት ወደ ሌላው ሊቀያየሩ ስለሚችሉ፣ ዲስኮቹ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር ከስክሪኑ ጋር አመሳክራ ነው ትእዛዙን የጻፈችው።

ግልበጣው ሌሊቱን ሲሄድ ልጅቷ የኅዳርን ነገር ልትፈልግ ሎጉን ከፈተች። ሁለተኛው ዲስክ ለቤት ኮምፒውተር የሚሸጥ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ አንድ ሴክተር አልነበብ ሲለው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይም ሊታገል ይችላል። ሊኑክስ ግን የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው፤ መልስ ሲያጣ ዲስኩን ሞቷል ብሎ ከጥንዱ ያወጣዋል። የሞተ ዲስክ አልነበረም፤ ትዕግሥታቸው ያልተጣጣመ ዲስክና ከርነል ነበሩ። መድኃኒቱ ዲስኩ በ7 ሰከንድ ውስጥ ተስፋ እንዲቆርጥ ማዘዝ ነው። ዲስኩ ያንን የማይቀበል ከሆነ የከርነሉን ትዕግሥት ወደ 180 ሰከንድ ማሳደግ። የእሷ ዲስክ አልተቀበለም፤ ከርነሉን አሳደገች፣ በየቡቱም እንዲደገም አደረገች።

ሎጉን ስትከታተል የሩት ተጠቃሚውን የፖስታ ሳጥንም ከፈተች። ዴቢያን ነበር ሥርዓቱ፤ ዴቢያን ጥንዱ ሲጎድል በየቀኑ ደብዳቤ ይልካል። ከኅዳር ጀምሮ አንድ ቀን ሳያጓድል ልኳል። «ጥንዱ ጎድሏል» ይላል እያንዳንዱ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ተከማችተዋል። ይህ ያሳዝነኛል። ማሽኑ ተናግሯል፤ ሰሚ ያለበት አድራሻ ግን አልተሰጠውም።

ማክሰኞ ጠዋት ጥንዱ ሙሉ ነበር። ግራብ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ተጫነ፤ የጥንዱ መለያ በኤምዲአድም ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ተጻፈ፤ ኢኒትራምኤፍኤስም እንደገና ተሠራ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማዋቀሪያው ፋይል ዲስኩ ላይ ቢስተካከልም ቡት ሲደረግ የሚነበበው በጥቅሉ ውስጥ ያለው ቅጂ ነው። ቅጂው አሮጌ ከሆነ ጥንዱ ኤምዲ127 በሚል በማያውቁት ስም ይነሳና ሥርዓቱ የሚፈልገውን ስም ያጣል።

መምህሩ በዚህ አላበቁም። «አሁን አንደኛውን ነቅለሽ አስነሺ» አሏት።

«ጋሼ፣ እንደገና?»

«አዎ እንደገና። ዛሬ፣ እያየሽው።»

አንደኛውን ነቀለች፤ በሁለተኛው ተነሳ። ሰርቨሩ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበር ማንም አልጻፈበትም። አንደኛውን መለሰችው፤ ጥንዱ እስኪሞላ ጠበቀች። ከዚያ ነው ሁለተኛውን የነቀለችው። መሞላቱን ሳይጠብቅ በተራ የሚነቅል ሰው በገዛ እጁ ያንኑ የሰኞን መለያየት ይፈጥራል። በአንደኛውም ተነሳ።

ይህ ሰርቨር በባዮስ የሚነሳ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች በዩኢኤፍአይ ይነሳሉ፤ እነሱ ላይ ደግሞ ፋርምዌሩ የሚያነበው ራሱን የቻለ የፋት ፓርቲሽን አለ፣ እሱም ስለ ሬይድ አያውቅም። አንዳንዶች ሱፐርብሎኩ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥበትን ስሪት 1.0 ተጠቅመው ያንንም ፓርቲሽን ያጣምሩታል። ይሠራል፤ ግን ፋርምዌሩ ራሱ አንድ ነገር ከጻፈበት በአንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ስለሚጽፍ ጥንዱ ሳያውቅ ይለያያል። እኔ ሁለቱን ለየብቻ አድርጎ፣ ዝመና በመጣ ቁጥር መገልበጥን እመርጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ሹሟና ልጅቷ አብረው ተቀመጡ። ከኅዳሩ ዲስክ የወጣውን የሰኞ ጠዋት ምዝገባና የቀኑን የወረቀት ደረሰኞች እየተናበቡ ወደ ሰርቨሩ አስገቡ። ድምሩ ከካዝናው ጋር ገጠመ።

«አሁንስ ቢወድቅ ማን ያውቃል?» አሉ ሒሳብ ሹሟ።

ልጅቷ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ የራሷን ኢሜይል ጻፈች፤ የሳቸውንም ጠይቃ ደብዳቤው ለሁለቱም እንዲደርስ አደረገች። ከዚያ ኤምዲአድም የሙከራ ደብዳቤ እንዲልክ አዘዘችው። የሁለቱም ስልክ ጮኸ። ሒሳብ ሹሟ መልእክቱን ከፍተው አዩና «ይሄ እንግሊዝኛ ነው፤ የምሩ ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚጽፍ በአማርኛ አስቀምጪልኝ» አሏት። በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ከሥሩ የመምህሯን ስልክ ጨምራ፣ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል በር ላይ ለጠፈችው።